ለውሃ የተለቀሰ ለቅሶ

የራሰ ሰሌን ሽታ አልወድም። ቤቴ ያለው ምንጣፍ ሁሉ ፕላስቲክ ነው። እንግዳ መጥቶ «ምነው፣ ሰሌን ያምር አልነበር?» ሲለኝ «ፕላስቲክ ለማጠብ ይቀላል» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ባለፈው ነሐሴ ለጉዳይ ቦንጋ ሄጄ ገበያ ዳር ዝናብ ያዘኝና አንዲት ሰሌን ሻጭ ዳስ ሥር ተጠለልኩ። ሴትየዋ ሰሌኖቿን ጠቅልላ አቁማ ላስቲክ አልብሳቸዋለች፤ ከሥር ግን ውሃ ሾልኮ ገብቶ ኖሮ ሽታው ተነሣ። አፍንጫዬን በሻሼ ሸፈንኩ። «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ» ብዬ ዶፉ ውስጥ ገባሁ። ከመጠለያ ወጥቶ ዝናብ ውስጥ የሚገባ ሰው ስታይ ምን እንዳለች አላህ ይወቅ።

ሽታው ያስታወሰኝ አራተኛ ክፍል የተማርኩበትን ዓመት ነው፤ ዓመቱን ሁሉ ሳይሆን መጨረሻውን፣ ዝናቡ ከገባ በኋላ ያለውን።

አባቴ ከስልጤ መጥቶ ቦንጋ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። ጨው፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ላምባ፣ የሴት ሻሽ ይሸጣል። ታላቅ እህቴ ዘይነባ መምህርነት ተመርቃ በዚያ ዓመት የተመደበችው ከከተማ ርቆ፣ የጎጀብ ወንዝ ሜዳው ላይ ተንጣልሎ ረግረግ ከሚሆንበት ማዶ ባለ ቀበሌ ነበር። አባቴ መጀመሪያ «አትሄድም» አለ። እናቴ «መንግሥት ነው የመደባት፣ ምን ልታደርግ?» አለችው። ሲነታረኩ ሰንብተው በኔ ላይ ተስማሙ፤ ልጃገረድ ብቻዋን ሰው አገር አትኖርም፣ ስለዚህ ሰሚራ አብራት ትሂድ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ብጠየቅም እሺ እል ነበር፤ እትዬ ዘይነባ የምትሄድበት ሁሉ መሄድ ነበር የምፈልገው።

እዚያ ትምህርት ቤት የታች ክፍሎች በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ፣ በላቲን ፊደል መማር ጀምረው ነበር። እህቴ አማርኛና ሒሳብ ታስተምራለች። እኔ ካፊኖኖ የማውቀው ከአባቴ ደንበኞች የለቀምኩትን ያህል ነው፤ «ስንት ነው?»ን እና «ቀንስ»ን። ከዚያ ያለፈውን የሰው ፊት እያየሁ እገምታለሁ። የዚያን ዓመት ነገር ግማሹን ያወቅኩት በግምት ነው፤ ግምቴ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገደል ይገባ ነበር።

የተከራየነው ጋሽ አደሎ የሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ነበር። ጋሽ አደሎ ባለታንኳ ናቸው። ታንኳቸው ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተቦረቦረ፣ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ከኋላ ቆመው በረጅም ዘንግ መሬቱን እየገፉ ይነዱታል። በበጋ ረግረጉን በእግር የሚያቋርጠው ሰው ክረምት ሲገባ የሳቸውን ፊት ያያል። ባለቤታቸው እትዬ አዳነች ለኛ አዛኝ ነበሩ፤ ቆጮ ሲጋግሩ አይረሱንም፣ የቡና ቅጠል ሲያፈሉ ይጠሩናል። ጋሽ አደሎ ግን ቃል የሚወጣቸው በስንት ጭንቅ ነው። ለጥያቄ ሁሉ በአገጫቸው ነው የሚመልሱት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛ ሲያሻግሩ እኔንም ይወስዱኝ ነበር። ሥራ ነበረኝ፤ ታንኳው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ በዱቄት ወተት ጣሳ እየጨለፍኩ ማውጣት። መጀመሪያ ቀን አንድ ጣሳ ሙሉ ጨልፌ ግራና ቀኝ ወደበቀለው ደንገል በኃይል ደፋሁት። ጋሽ አደሎ ዘንጋቸውን አቆሙ።

«አትወርውሪ» አሉኝ። «መልሺ።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ባለቤት አለው።»

ባለቤት ሲባል እኔ የማውቀው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ባለሱቅ። ስለዚህ የውሃው ባለቤት አባቴን መሰለኝ። ከደንገሉ ሥር፣ ጥቁሩ ውሃ ውስጥ፣ ባንኮኒ ኋላ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል። ልዩነቱ አባቴ ይሸጣል፤ ያኛው ግን ይገዛል እንጂ አይሸጥም። ጎርፍ የወሰደው ላም፣ ከዛፍ ወድቆ የሰጠመ ቀፎ፣ አምና ከብት ሊመልስ ሄዶ የቀረው ልጅ፣ ሁሉም መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል ብዬ አመንኩ። ጠርዙን ተደግፌ ወደ ታች ሳይ የራሴ ፊት ይታየኛል። ቶሎ ዞር እላለሁ፤ አይቶ እንዳይመርጠኝ።

ውሃ ላይ ስምም አይጠራም። ጋሽ አደሎ «አንቺ ልጅ» ይሉኛል፤ እትዬ አዳነች በእጃቸው ይጠሩኛል። ይህን ሁሉ ለእህቴ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ሰሚራ፣ ውሃ እኮ ነው! ሃይድሮጅንና ኦክስጅን!» አለችኝ። እሷ ግን ራሷ ታንኳው ላይ ከወጣች በኋላ ስሜን ጠርታው አታውቅም። ልጅ ነኝ እንጂ ጅል አልነበርኩም፤ ልብ ብያለሁ።

ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ አላቋርጥ አለ። የፈተና ወረቀት አርማ ሳትጨርስ እህቴ ወደቀች። መጀመሪያ ብርድ ብርድ አላት፤ የአልጋው እግር ከመንቀጥቀጧ የተነሣ መሬቱን ይደልቀው ነበር። ከዚያ ተቃጠለች። ጤና ረዳቱ ወባ ነው ብሎ ክኒን ሰጣት፤ ዋጠችው፣ መልሳ አወጣችው። በኋላ መዘባረቅ ጀመረች። ግድግዳውን ጥቁር ሰሌዳ አድርጋ በጣቷ እየጠቆመች «ማን ነው ያልገለበጠ? አንተ፣ ከኋላ ያለኸው!» ትላለች። ዞር ብዬ አያለሁ፤ ከኋላዬ ማንም የለም። ደግማ ስትቆጣው ግን ዞር ማለቱንም ፈራሁ።

ጤና ረዳቱ ለእትዬ አዳነች በአማርኛ ቀስ ብሎ ሲነግራቸው ሰማሁ። ቦንጋ ሆስፒታል ካልደረሰች አትተርፍም። በበረታ ሰው ወደ አባቴ መልእክት ተላከ፤ መልሱም መጣ። ሐሙስ ጠዋት አባቴ የኮንትራት ላንድክሩዘር ይዞ በቦንጋ በኩል ባለው የረግረጉ ዳር ይጠብቃል። የኛ ድርሻ እሷን እዚያ ማድረስ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የኔ የምላት እሷ ብቻ ነበረች።

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ለማታለል ያህል ገለጥ ብሎ ነበር። እትዬ ዘይነባን በጋቢ ጠቅልለው ወሰዷትና ቄጠማ በተጎዘጎዘበት ታንኳ ውስጥ አስተኟት። ከላይ ሰሌን ደረቡላት፤ ለዝናብ ነው አሉኝ። ፊቷ ክፍት ነበር። እትዬ አዳነች ከራስጌዋ ተቀመጡ፣ እኔ ከወገቧ አጠገብ፣ ጋሽ አደሎ ከኋላ ቆሙ። እህቴ ዓይኗን ገልጣ አየችኝና «ጣሳሽን ይዘሻል?» አለችኝ። የመምህር ነገር፣ ልትሞት ስትል እንኳ ትቆጣጠራለች። ደስ አለኝ።

መንገዱ ጋሽ አደሎ በየጊዜው እየመነጠሩ የሚያቆዩት በደንገል መካከል ያለ ጠባብ የውሃ መተላለፊያ ነው። ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ጥቂት እንደሄድን ነፋስ መጣ። መጀመሪያ የደንገሉ ራስ ብቻ ተወዛወዘ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደኛ አጎነበሰ። ዝናቡ ተከተለ፤ ከላይ አይደለም የመጣው፣ ከጎን ነው። ውሃ ላይ ሲያርፍ ጉም አስነሣ። የጋሽ አደሎን ዘንግ አያለሁ፣ እጃቸውን አያለሁ፣ ፊታቸው ግን አይታየኝም። ጣሳዬን እየሞላሁ፣ እየመለስኩ፣ እየሞላሁ፣ እየመለስኩ ክንዴ ዛለ። የማወጣው የቱን እንደሆነ፣ የሚገባው የቱን እንደሆነ ጠፋኝ።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ነፋስ ሲበረታ ደንገሉ ከነሥሩ ይነቀልና ይንሳፈፋል፤ ትናንት ክፍት የነበረውን ዛሬ ይዘጋዋል። ጋሽ አደሎ ወደ ግራ ገፉ፣ ተዘግቷል። ወደ ቀኝ ገፉ። ውሃ ውስጥ የቆመ የደረቀ ዛፍ አለፍን፤ አንድ ጉሬዛ ዝናብ እየወረደበት ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። ብዙ ሄደን ጉሬዛው እዚያው ተቀምጦ ድጋሚ አለፍነው። ያኛው ዛፍ ይሁን ሌላ አላውቅም። አሁን ግን ፊቱን ወደኛ አዙሯል። ደንገሉ ውስጥ፣ በቅርብ፣ አንድ ትልቅ ነገር ተነፈሰ። ጉማሬ መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ባለሱቁ ከወንበሩ ሲነሣ ነበር የሰማሁት።

በዚህ መሃል የጋሽ አደሎ ዘንግ መሬት አጣ። እስከ እጃቸው ድረስ ሰደዱት፣ ምንም የለም። ታንኳው በራሱ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ጋሽ አደሎ ለባለቤታቸው በካፊኖኖ አንድ አጭር ነገር አሏቸው። እትዬ አዳነች ወደ እህቴ ጎንበስ አሉ፣ ሰሌኑን ሳቡትና ፊቷን ሸፈኑት።

ከዚያ ጮኹ። ነጠላቸውን ከራሳቸው ገፈው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ ሙሾ እያወረዱ ጮኹ። እንዲያ የሚጮኸው ለምን እንደሆነ በየትኛውም ቋንቋ አውቃለሁ። ጣሳው ከእጄ ወደቀ። ጋሽ አደሎ ራሳቸውን ይዘው ሲያለቅሱ አየሁ፤ ያን ዝምተኛ ሰው!  እህቴ ሞታለች። ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ ጣሳ የጠየቀችኝ እህቴ እፊቴ ሞታለች፣ እኔም ውሃ ስቀዳ አላየሁም። 

እትዬ አዳነች ትንፋሽ ሊወስዱ ሲቆሙ ረግረጉ መለሰላቸው። ከጉሙ ውስጥ፣ ከየት በኩል እንደሆነ በማይለይ ቦታ፣ ብዙ የሴት ድምፆች ያንኑ ለቅሶ ተቀብለው አስተጋቡት። የገደል ማሚቶ አልነበረም፤ የገደል ማሚቶ ያልተባለ ቃል አይጨምርም። እትዬ አዳነች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጋሽ አደሎን ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ትልቅ ሰው ሲፈራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሁለቱም ለቅሷቸውን አቋረጡ። ድምፆቹ ግን አላቆሙም፤ ከፍ ይላሉ፣ ነፋሱ ይወስዳቸዋል፣ ተመልሰው ይመጣሉ።

ያን ጊዜ ከሰሌኑ ሥር እህቴ ተናገረች።

«ማን ነው የሞተው?»

ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ሙታን እንደሚናገሩ ማንም አልነገረኝም፤ ከተናገሩም እንዲህ በሰላም፣ ጎረቤት እንደሚጠይቅ ይጠይቃሉ ብዬ አላሰብኩም። እትዬ አዳነችን አየኋቸው፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እንዳልመልስላት ነው። ከሰሌኑ ሥር ደግሞ፦ «ምስኪን። ማን ነች?»

እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፣ እጄን በሰሌኑ ጠርዝ ሥር አስገባሁ። እጇን አገኘሁት። እሳት ነበር። ሟች እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ፤ አያታችን ሲሞቱ ግንባራቸውን አስነክተውኛል። ይህ እጅ ግን ይፋጃል። ስንት ቀን የረገምኩትን ትኩሳት ያን ሰዓት ወደድኩት። ጭብጥ አድርጌ ያዝኳት፣ እሷም መልሳ ያዘችኝ። ሞታ ከሆነም እንዲህ ትሙት፣ እኔ አልለቃትም ብዬ ወሰንኩ። ታንኳው ውሃ እየሞላ ነበር፤ በአንድ እጄ ጨለፍኩ።

ዘንጉ መሬት ሲያገኝ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ጋሽ አደሎ ደንገሉን ዙሪያ ጥምጥም እያለፉ፣ አንዳንዴ ወርደው በትከሻቸው እየገፉ አወጡን። ድምፆቹ እየቀረቡ መጡ። ጉሙ ሳሳ ሲል ሰዎች ታዩኝ፤ ባሕር ዛፍ ሥር የተሰበሰቡ፣ የሚያለቅሱ ሴቶች። ከፊታቸው ደግሞ ከነልብሱ፣ እስከ ደረቱ ውሃው ውስጥ የገባ ሰው ቆሟል። አባቴ ነበር።

ታንኳውን በሁለት እጁ ያዘው። ማንንም አላየም። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ይላል ደጋግሞ። ሰሌኑን ገለጠ። የእህቴ ፊት በእንባ ርሷል። ዓይኗን ገለጠች።

«አባ» አለች፣ «ማን ሞቶ ነው?»

አባቴ ያወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። ዳር ያሉት ሴቶች ለቅሷቸው አፋቸው ላይ ቀረ።

«አለች» አሉ ጋሽ አደሎ። «አልሞተችም። አለች።»

«ታዲያ ማንን ነው ያለቀሳችሁት?»

«ለሰው አይደለም። ለውሃ ነው ያለቀስን። ውሃ የሞተ አይፈልግም። የታመመ ነው የሚፈልግ።»

አባቴ የጋሽ አደሎን ኮሌታ ጨምድዶ ያዘ። ሁለት ሽማግሌዎች ውሃ ውስጥ ተፋጠው ቆሙ፤ ታንኳው በመካከላቸው ተንገዳገደ። «አባ! ትሰጥማለች!» ብዬ ጮኽኩ። ለቀቃቸው። እትዬ አዳነች ወደ መንገዱ እያዩ «መኪናውስ?» ብለው ጠየቁ። አባቴ ወደ መንገዱ ዞረ፤ ጭቃው ላይ የጎማ ዱካ ብቻ ነበር።

«ላክሁት» አለ። «እናቷን እንዲያመጣ፣ ከፈን እንዲያመጣ ላክሁት።»

ነገሩን እትዬ አዳነች በኋላ ነው ያስረዱኝ። የታንኳ ሰዎች ልማድ ነው፤ በሌላ ቦታ አልሰማሁትም። በጠና የታመመ ሰው ሲሻገር ዘንግ መሬት በሚያጣበት ጥልቅ ቦታ ላይ ይሸፈንና ይለቀስለታል፤ የውሃው ባለቤት ሞቷል ብሎ እንዲተወው። ስሙ አይጠራም፣ ቢጠይቅ አይመለስለትም፣ ለማንም አስቀድሞ አይነገርም፤ ውሃው ይሰማላ። ጥልቁ ቦታ ከሁለቱም ዳር ሩቅ ስለሆነ ለቅሶውን ሰው አይሰማውም። ያን ቀን ግን ነፋሱ ገፍቶ ገፍቶ፣ ጉሙ ጋርዶን፣ ሳናውቀው ወደ ዳሩ አስጠግቶን ነበር፤ ዘንጉ መሬት ያጣውም ወንዙ ዳሩን በበላበት ሌላ ጉድጓድ ላይ ኖሯል። ዳር የተጠለሉት ሴቶች ለቅሶ ሰሙ። እዚያ አገር ለቅሶ ሲሰማ ተቀብሎ ማልቀስ ነው፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ተለቅሶ ነው። አባቴ ደግሞ ሊጠይቅ የሚችለው አልነበረም። በዚያ ቀን በዚያ ውሃ የምትሻገር በሽተኛ አንድ ብቻ መሆኗን ያውቃል። ለሱ አገር ሰው ሬሳ አያድርም፤ ስለዚህ መኪናውን ሰደደ።

እህቴ እንደገና መዘባረቅ ጀምራ ነበር። ዳር ከነበሩት ወንዶች አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ቃሬዛው አለ» አለ። ለሬሳዋ እንጨት ቆርጠው፣ በሐረግ አስረው ጨርሰውት ነበር። አባቴ ቃሬዛውን አየ፣ እህቴን አየ። «አንሷት» አለ።

በዚያ ጭቃ ወንዶቹ እየተቀያየሩ ሮጡ። አባቴ ከጎን ከጎን ይሮጣል፣ እኔ ከኋላ። ለሞተ የተሠራ ነገር ላይ በሕይወት ያለ ሰው ሲሄድ አይቼ አላውቅም፤ በየመንደሩ የሚያየን ሁሉ ባርኔጣውን እያወለቀ ቆሞ ያሳልፈናል። «አልሞተችም!» እላለሁ ለእያንዳንዱ። አንዳንዱ ያዝንልኛል፤ ልጅቷ ደንግጣ ነው ይላል መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ መኪናው ከፊታችን መጣ። ሴቶች ሞልተውበታል፣ ሁሉም ጥቁር አጥልቀዋል። ቃሬዛውን ሲያዩ መኪናው ሳይቆም ነው የወረዱት። ከሁሉ ቀድማ እናቴ ደረሰች። የሚይዛት ጠፋ፤ ቃሬዛው ላይ ሙሉ ሰውነቷን ጥላ ተደፋች።

«እማ» አለች እህቴ ከሥር፣ «ከበድሽኝ።»

ሴቶቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። አንዷ ጫማዋን ጥላ መንገድ ዳር ያለው የቡና ተክል ውስጥ ገባች። ያን ቀን መጀመሪያ የሳቅኩት ያኔ ነው፤ ስቄ ስቄ ወደ ለቅሶ ሄደብኝ። እናቴ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም፤ የእህቴን ፊት እንደ ዓይነ ስውር በጣቷ ስትዳስስ ቆየች። መኪናው ውስጥ ስናስገባት ለራሷ ማስደገፊያ ጠፋ። ሹፌሩ አዲሱን ነጭ አቡጀዴ አንሥቶ አጠፈና ከራሷ ሥር አደረገላት። ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አልተናገረም። ከፈኗን ተንተርሳ ተኝታ ቦንጋ ገባች።

ሆስፒታል ግሉኮስና መርፌ ተሰጣት። ሐኪሞቹ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አሉን፤ የቀረውን አልጨረሱትም። እቤታችን ድንኳን ተተክሎ፣ የተከሉት ሰዎች ንቀሉት ማን እንደሚላቸው ጠፍቷቸው ሰንብተው ነበር። ስትመለስ ጎረቤት ሊጠይቃት መጣ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የሚባለውን ግን ማንም አያውቅም። አንዲት አሮጊት ፊት ለፊቷ «አላህ ይዘንልሽ» አሏት። እህቴም በትሕትና «አሚን» አለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ሆነን ጠየቅኳት፤ ሰሌኑ ሥር ሆና ምን ይሰማት እንደነበር። አሰበችና «ለቅሶውን ሰምቼ ወጣት ሴት መሞቷ ገባኝ» አለችኝ። «ከአልቃሾቹ ድምፅ ያስታውቃል። በጣም አሳዘነችኝ፣ እኔም አለቀስኩላት። መልካም ሴት ነበረች ብዬ አሰብኩ።» ቀጥላም «አሁንም ታሳዝነኛለች» አለች። 

ሌላው ሁሉ እየቀለለው ሄደ፤ አባቴ ግን ከዚያ ውሃ አልወጣም። ሱቁን ይከፍታል፣ ይሸጣል፣ ሰላምታ ይመልሳል። በየማለዳው ግን ከሱብሂ ሰላት እንደተመለሰ እኔና እህቴ የምንተኛበት ክፍል መጋረጃ ጋ መጥቶ ይቆማል። አይገባም፣ አይናገርም። ከመጋረጃው በታች ባዶ እግሩ ብቻ ይታየኛል። እትዬ ዘይነባ ዓይኗን ሳትገልጥ «አለሁ፣ አባ» ትላለች። ያኔ ይሄዳል። እናቴ አንድ ቀን «ተው፣ ልጅቷን አታስጨንቃት» ስትለው «ምን አደረግኩ?» ብሎ ነበር የመለሰላት። የሚቆም አይመስለውም ነበር።

አንድ ማለዳ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። እግሮቹ መጡ፣ ቆሙ። እህቴ አልመለሰችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ብርድ ልብሷን እስከ ጆሮዋ ስባዋለች። ትንፋሿን ልሰማ ጆሮዬን አቀናሁ፤ ከዝናቡ በቀር ምንም የለም። ልነካት እጄን ዘረጋሁና መለስኩት፤ የማገኘውን ፈራሁ። እግሮቹ ደግሞ ቆመው ይጠብቃሉ። አጠባበቁ አንጀቴን በላው። ድምፄን እንደሷ ቀጠን አድርጌ «አለሁ፣ አባ» አልኩ።

እግሮቹ አልተንቀሳቀሱም።

«ሰሚራ» አለ አባቴ፣ «አንቺን አላልኩም።»

መጋረጃውን ገልጦ ገባ። አልጋው አጠገብ ተንበረከከና መዳፉን ከአፍንጫዋ ሥር አደረገ። ቆየ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም፤ ጀርባውን ነው የማየው፣ ጀርባውም ትንፋሽ አቁሟል።

«አባ!» አለች እህቴ፣ በእንቅልፍ በጎረነነ ድምፅ፣ ተቆጥታ። «ተኝቻለሁ እኮ! ሰው አይተኛም እንዴ?»

አባቴ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ነውር ነው የሚለው ሰው፣ ውሃው ውስጥም፣ መንገድ ላይም፣ ሆስፒታልም ያላለቀሰው ሰው፣ አፉን ከፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። እናቴ ከጓዳ ሮጣ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። እህቴ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ማንኮራፋት ጀምራ ነበር።